ኢንሹራንስ ያጣው ግቢ

ስልኩ ሲጠራ መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የባንኩ ሰውዬ ነው። ድምፁ ትሁት ነው፤ ከባንክ በትሁት ድምፅ ሲደወልልኝ ደግሞ ወሬው መልካም ሆኖ አያውቅም።

«የቤቱ ኢንሹራንስ እንዳልታደሰ ሰምተዋል?» አለኝ።

«እንዴት አይታደስም? ሰው ልከው ቤቱን አይተውት እኮ ነው።»

«አዎ» አለ። «ያልታደሰው ካዩት በኋላ ነው።»

ከሰልፉ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ከመገናኛ ሰልፍ መውጣት ማለት ተመልሶ ከጭራ መጀመር ማለት ነው፤ ግን ከመናደዴ የተነሳ መቆም አልቻልኩም። ለእናቴ ደወልኩ።

«ለዚያ ሰውዬ ምን ነገርሽው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የኢንሹራንሱ!»

«እሱን ነው? እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ!» አለችኝ።

ያኔ ጉዳችን እንደፈላ ገባኝ።

ቤቱ የእናቴ ነው፤ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ። አባቴ ከሞተ በኋላ የእሷ ጡረታ ወር አላደርስ ስላለ፣ ቤቱን ለባንክ በመያዣነት አስይዘን ተበደርንና ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ሠርተን አከራየን። ከኪራዩና ከእኔ ደሞዝ ብድሩ ይከፈላል፤ የተረፈው ለመድኃኒቷ ይሆናል። ተበዳሪዋ እኔ ነኝ። ባንኩ አጥብቆ የያዘኝ በአንድ ነገር ነው፤ ቤቱ የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ሳይኖረው መቅረት የለበትም። ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ብድሩን ባንድ ጊዜ ክፈሉ ይባላል። ካልከፈልን ቤቱ ጨረታ ይወጣበታል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ባንድ ጊዜ የምከፍልበት ተአምር የለኝም።

ከሰርቪሶቹ አንዱን የተከራየው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ለመኝታ ብቻ ይመጣል፣ ሰላም ብሎ ይገባል፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። ስለሱ የምለው የለኝም። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የነበሩት ግን በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ቅጠልና ጭራሮ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጉልበት በነበራቸው ዘመን ከእንጦጦ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል። ጀርባቸው እምቢ ሲላቸው፣ በአህያ ጭነው ከሚመጡት እየገዙ እኛው ግቢ ውስጥ መቸርቸር ጀመሩ። ድፎ የሚጋግር ሁሉ ደንበኛቸው ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ችቦ ያስራሉ፤ የሰፈሩ ሰው ለደመራ ችቦ የሚገዛው ከእሳቸው ነው። ቅጠሉና ጭራሮው ከዋናው ቤት ግድግዳ እስከ ሰርቪሱ ድረስ ተከምሮ ይውላል።

ክምሩን አልወደውም ነበር። «እማዬ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ይኼ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል» እላት ነበር። እናቴ ትቆጣለች። ሴትዮዋን ተከራይ ብዬ ከጠራኋቸው ደግሞ ባሰ። የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛዋ ናቸው፤ አንድ ጽዋ የጠጣን ሰው ተከራይ ማለት በእናቴ ዘንድ ነውር ነው። «እኅቴ በዪ» ትለኛለች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሳልከራከር የምተወው በምክንያት ነው። የእናቴ ዐይን ደክሟል፤ ግፊት አለባት። እኔ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቷን አንኳኩተው የሚቀሰቅሷት፣ ትከሻቸውን አስይዘው ቁልቁለቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወርዷት፣ ጠብታዋን ዐይኗ ውስጥ የሚጨምሩላት እሳቸው ናቸው። ለዚህ አንድም ቀን ክፍያ ጠይቀው አያውቁም። እኔ ጀሞ ላይ እንቅልፍ የሚወስደኝ በእሳቸው ነበር።

ኢንሹራንሱ የሚታደሰው መስከረም ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት የመጣው ሰው ከበሩ ሳያልፍ፣ ቆርቆሮውን ከውጭ አይቶ ነው የሄደው። ዘንድሮ ግን «ገብቶ የሚያይ ባለሙያ እንልካለን» አሉኝ። ከቢሮ አስፈቅጄ ቀድሜ ልገኝ አሰብኩ። ለማንኛውም ብዬ ለእናቴ ደወልኩላት። «ሰውዬው ከቀደመኝ በሩን ክፈቺለት፣ ወንበር ስጪው፣ እኔ እስክመጣ ምንም አታውሪው» አልኳት።

«እንግዳ ቤቴ ገብቶ እንደ ዲዳ ላፍጥበት?» አለች።

«አዎ፣ አፍጪበት!»

የኮሪደር ሥራ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ታክሲው ዞሮ ዞሮ ሲያደርሰኝ ረፍዷል። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የኢንሹራንሱ ሰው ግቢው መሐል ዱካ ላይ ተቀምጦ የበቆሎ እሸት ይግጣል። ከፊቱ የከሰል ምድጃ ፍም ሆኗል። ሴትዮዋ ሌላ እሸት እያገላበጡ በሰፌድ ያራግባሉ፤ ፍንጣሪው ይበናል። ከሰውዬው ጀርባ፣ ከራሱ በላይ፣ የደመራ ችቦ እስከ ጣሪያው ክፈፍ ተደርድሯል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቡ ተቀምጣ ታወራለች። ሰውዬው በአንድ እጁ እሸቱን፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። ፎቶ አንስቶ ጨርሷል።

የተባባሉትን በኋላ እናቴ ራሷ በኩራት ነገረችኝ።

«እማማ፣ ግቢው ውስጥ እሳት ይነዳል?» ብሏታል።

«እንዴታ! ደመራ የምናበራው እዚሁ አይደል? ና ላሳይህ» ብላ እጁን ይዛ ወስዳ፣ ምድሩ የጠቆረበትን ቦታ አሳይታዋለች። «ጎረቤቱ በሙሉ እኛ ዘንድ ነው የሚሰበሰበው። አምናማ ነበልባሉ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ነበር! ደመራው ወደ ምሥራቅ ሲወድቅ ጥጋብ ነው አልን። ጥጋብስ እንጃለት፣ ግን ያምር ነበር።»

«እኚህ እናት ተከራይ ናቸው?»

«ተከራይ አትበላት፣ እኅቴ ናት።»

«ኪራይ አይከፍሉም ማለት ነው?»

«ኧረ ትከፍላለች! ጨዋ እኮ ናት። አንድም ቀን አዛንፋ አታውቅም።»

«እንጨቱ ለቤት ፍጆታ ነው?»

«ምን ለቤት ብቻ! ለሰፈሩ በሙሉ የምታነድለት እሷ ናት» ብላ አረፈች።

እንግዲህ እናቴ አልዋሸችም። እኛ ቤት እንግዳ ሲገባ የሚደበቅ ነገር የለም። ያለው ይቀርብለታል፣ ያለው ይነገረዋል፤ ማኅበርተኛ ደግሞ ስሟ ከፍ ብሎ ይነሳል። ሰውዬው የመጣው ጉድለት ፍለጋ ነው፤ እሷ የገባት ግን ቤቷን ሊያመሰግን እንደመጣ ነው። ሲነሳ ከችቦው ትልቁን መርጣ በብብቱ አስያዘችው። «ለልጆችህ አብራላቸው» አለችው። እሱም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ፣ ችቦውን የድርጅቱ አርማ ካለበት መኪና ኋላ አስገብቶ ሄደ። በዐይኔ አይቻለሁ።

የኛን ችቦ ለልጆቹ ወስዶ፣ ስለኛ ግቢ «ለእሳት እጅግ የተጋለጠ፣ ያልተገለጸ የንግድ ሥራ የሚካሄድበት» ብሎ ጻፈ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ችቦው የሚያስፈራ ከሆነ ቤቱ ለምን ወሰደው?

ሌላ ኢንሹራንስ ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጅ በደንብ አስተናገደችኝ፣ ኮምፒዩተሯ ላይ እየሞላች ትጠይቀኝ ጀመር። «ከዚህ በፊት የከለከላችሁ ድርጅት አለ?» አለች። አለ አልኳት። እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሳች። «አለቃዬን ልጠይቅ» ብላ ገባች፣ ስትወጣ ፈገግታዋን እዚያው ትታው መጣች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። አንዱ ስለከለከለኝ ሌላው ከለከለኝ፤ ሁለቱ ስለከለከሉኝ ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ደረደረ። ቅጠሉ ይውጣ፣ ችቦው ይውጣ፣ ግቢው ውስጥ ምንም ዓይነት ንግድ አይኑር፣ ከዚያ መጥተን እናያለን አሉ።

ባንክ ሄጄ ያንን ትሁት ሰውዬ ለመንኩት። «ይኼ ቤት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቆሟል፤ አንድ ቀን ጭስ እንኳን ወጥቶት አያውቅም» አልኩት።

«እህቴ፣ እኔ ይቃጠላል አላልኩም» አለኝ። «እኛ የምንፈልገው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን ያምጡልን እንጂ ሌላው የናንተ ጉዳይ ነው።»

ቢያንስ አልዋሸኝም። ግን ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ማልቀስ አማረኝ። ቤቱ ያው ቤት ነው። ሰው ገብቶ እስኪያየው ድረስ ደህና ነበር።

ለክምሩ ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ጎረቤቶቹን ጠየቅሁ፤ ደመራችንን ከበው የሚዘምሩት ሰዎች ሁሉ የኢንሹራንሱን ወሬ ሰምተው ስለነበር፣ «አንቺ የፈራሽውን እኛ እናስገባ?» አሉኝ። መንገድ ዳር እንዳይወጣ ደንብ አስከባሪ አለ። አስፋልቱ ከታደሰ ወዲህ ጉሊት የምታወጣን ሴት እንኳን አያስቀምጧትም፤ እንኳን የቅጠል ክምር።

መጨረሻ ላይ የቀረኝ እሳቸውን ማናገር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠበቅኳቸው። እናቴን አስገብተው ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ተከተልኳቸው።

«እርስዎ የትም አይሄዱም» አልኳቸው ቸኩዬ። «መውጣት ያለበት ቅጠሉ ብቻ ነው።»

ሳቁ። «ቅጠሉ ወጥቶ እኔ ምን እየሠራሁ ልቀመጥ?»

«ኪራዩን ይተዉት። እኔ እችለዋለሁ። ለእማዬ ስለሚያደርጉላት ነገር…»

ሳቃቸው ጠፋ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ከእናትሽ ጋር እኩል የምቀመጠው ስለምከፍል ነው። ጠዋት የማነሳት ማኅበርተኛዬ ስለሆነች ነው። በነጻ አስቀምጠሽ አንሺያት ካልሽኝ ግን ገረድ አደረግሽኝ።»

ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ለካ በረንዳው ላይ ቆማ ትሰማለች። «ባንኩ ይውሰደው ቤቱን!» አለች ጮክ ብላ።

«ወስዶት አንቺ የት ልትገቢ ነው?» ብዬ እኔም ጮኽኩባት።

«ሳይቃጠል በቅጠል አሉ። አንቺ ቤቱ ሳይቃጠል ባለ ቅጠሏን አባረርሽ!»

«አላባረርኳቸውም! እኔ ነኝ ያባረርኳቸው? ችቦ አሸክመሽ የሸኘሽው ያንቺ ጨዋ ልጅ ነው!»

ሴትዮዋ በመሐላችን ቆመው «በናንተ ጠብ እኔ ልፈር?» አሉ። የዚያን ቀን ምሳ አብረን አልበላንም።

እሳቸው ደመራ እስኪያልፍ ጠበቁ። የታሰረውን ችቦ ሸጠው ጨረሱ፤ ያንን ዓመት እኛ ግቢ ደመራ አልበራም። ከመስቀል በኋላ የቀረውን ቅጠል ለአንዲት ጋጋሪ በርካሽ ለቀቁላት፣ ከዚያ አልጋቸውንና ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። እዚያ ዘመዳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አግኝተዋል። እዚያ ላይ ቅጠል ስለመከመር የሚጠይቅ የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ኑሮው ከዛፉ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ክምሩ የነበረበትን ቦታ ጠርገው ውሃ ረጩበት። እናቴ ለመሸኘት አልወጣችም። አኩርፋ ነው ብዬ ተውኳት።

አዲሱ የኢንሹራንስ ድርጅት ሰው ላከ። በዚህኛው ጊዜ ቀድሜ ተገኘሁ፤ እናቴ ከክፍሏ አልወጣችም፣ እሸትም አልተጠበሰም። ሰውዬው ግድግዳውን አየ፣ የመብራቱን ቆጣሪ አየ፣ «ጥሩ ግቢ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። ዋናው ውል እስኪወጣ ለባንኩ የሚሆን ጊዜያዊ ወረቀት ጻፉልኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ያን ቀን ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለባንኩ ሰውዬ ስደውል ድምፄ ራሱ ይዘፍናል። ለእናቴ «ቤቱ ተረፈልን» ስላት «እሰይ» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ጠዋት ጠዋት የምታወጣት ሴት ቀጠርኩላት። እናቴ በሁለተኛው ቀን አሰናበተቻት። «የማላውቃትን ሰው ትከሻ ይዤ አደባባይ አልወጣም» አለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። በስልክ ስጠይቃት «አለሁ» ትላለች። ምን በላሽ ስላት «በላሁ» ትላለች። ጠብታሽን ጨመርሽ ስላት ዝም ትላለች። ከሥራ ወጥቼ ከተማውን አቋርጬ የካ ስደርስ ይመሻል፣ ወደ ጀሞ ስመለስ እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ በሳምንት ስንት ቀን ይቻላል? አንዳንዴ እሷን እቆጣለሁ፣ አንዳንዴ ባንኩን እራገማለሁ። የሚያዳምጠኝ ግን የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስደውል ስልኳ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ወድቃ ይሆናል አልኩ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ እየሰማች መነሳት አቅቷት ይሆናል አልኩ። ኮንትራት ታክሲ ይዤ መንገዱን በሙሉ ለሚካኤል ስሳል ሄድኩ። ደርሼ ሳየው የግቢው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ጎረቤታችን ቁልፉን ይዛ ወጣች። «እናትሽ ለልጄ ስጫት ብላ ነው» አለችኝ። «ጋቢዋንና መድኃኒቷን ይዛ ትላንት ታክሲ አስጠርታ ወጣች። እንጦጦ።»

ወደ ላይ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ባለታክሲው ሞተሩ ጋለብኝ ብሎ ስላወረደኝ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው፤ እኔ ግን ከንዴቴ የተነሳ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ምን እንደምላት መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጅ ነበር።

ጠይቄ ጠይቄ ክፍሉን አገኘሁት። የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ድንጋይ ተጭኖበታል። እናቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፍለጋ ተቀምጣ፣ ምስር የያዘ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ትለቅማለች። ዐይኗ ስለማያይላት በጣቷ ነው የምትለቅመው። ሴትዮዋ ከጎኗ ሆነው የሳተችውን ጠጠር ያወጡላታል። ሁለቱም ይስቁ ነበር። ኮቴዬን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ።»

«የት?»

«ቤትሽ ነዋ! ያ ሁሉ የተለፋው ለምንድን ነው? ቤትሽ እንዳይወሰድ አይደለም?»

«አልተወሰደም አይደል?» አለች። «ካልተወሰደ ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

«እዚህ ምን ልታደርጊ ነው? ሐኪም ቤት የለ፣ መንገድ የለ!»

ቁጣ ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሰፌዷን አስቀምጣ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። «ስሚኝ» አለች። «እዚያ ቤቱ ቢቃጠል የሚከፍል ተገኝቶለታል። እኔ ብወድቅ ግን ማን ይሰማኛል? አንቺ ጀሞ ነሽ።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ኪራዩን እኩል ነው የምንከፍለው» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ነገሩ በሥርዓት መሆኑን እንዳውቅላቸው። «ከፈለግሽ የታችኛውን ቤት አከራዪው» አለች እናቴ።

ምስር ወጥ አብልተው ሸኙኝ። ቁልቁለቱን እየወረድኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። አዲሱ ኢንሹራንስ ነው፤ እዚያ የምትሠራ ልጅ ዋናውን ውል ከማውጣቷ በፊት የመጨረሻ ጥያቄ ነበራት።

«ዋናው ቤት ውስጥ የሚኖረው ማነው? ባዶ ቤት ከሆነ ውሉ አይጸናም፤ ለዚያ ነው የምጠይቅዎት።»

ዛፎቹ መሐል ቆምኩ። ለሌላ ሰው ላከራየው እችላለሁ። ግን አልጋዋ ወጥቶ የሌላ ሰው አልጋ ከገባ እናቴ መቼም አትመለስም። ልጅት ስልኩ ላይ እየጠበቀችኝ ነው።

«እኔ ነኝ የምኖረው» አልኳት።

«ከቤተሰብ ጋር?»

«ብቻዬን።»

አልዋሸሁም፤ በዚያው ወር ጀሞን ለቅቄ ገባሁ። የሒሳብ ሠራተኛው ሰላም ብሎ ይገባል፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። እናቴ ከማኅበርተኛዋ ጋር ለዐይን ሐኪም ቀጠሮ ወደ ከተማ ሲወርዱ እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ። በሩን አንኳኩታ «ቤቶች!» ትላለች፣ በራሷ በር ላይ። ሳሎኗ ውስጥ እንደ እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ያቀረብኩላትን በልታ «እግዜር ይስጥሽ» ትለኛለች። እደሪ እላታለሁ፤ አልጋሽ ተነጥፏል እላታለሁ። ባለፈው ስትመጣ ደግሞ አልጋውን በእጇ ዳሰስ አድርጋው ተመለሰች። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞራ፣ «በይ ተነሺ፣ ሳይመሽብን ቤታችን እንግባ» አለቻት።